ባለቤቴ የሞተበት ቀን

ይህን የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። መክሰስ ብፈልግ ኖሮ ግማሽ ሰፈር ይከሰስልኝ ነበር፤ ከተከሳሾቹም አንዱ የራሴ ልጅ ይሆን ነበር። የምጽፈው ከእናንተ መሃል እንደ እኔ ቂም የሚይዝ ወይም እንደ እነሱ በጎ አስቦ የሚዋሽ ካለ፣ እኔ የከፈልኩትን እንዳይከፍል ብዬ ነው።

ወርቅነሽ እባላለሁ። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ከገባሁ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ብቻ ቢሆንም ወረቀት ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እኔ ካለሁ ማንም ሰው አያቋርጥም። የእድራችን ዳኛ ስብሰባ ከመክፈቱ በፊት «እትዬ ወርቄ መጥተዋል?» ብሎ ይጠይቃል አሉ፤ ከመጣሁ ቶሎ እንደማያልቅ ያውቃላ። ሰው ሲበደል ዝም ማለት አልችልም። ለራሴም ለሌላውም ፍርድ የማውቅ ሴት ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው።

ባለቤቴ ታደሰ የመኪና ራዲያተር ይጠግን ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ኩላሊቱን ታመመ። ሐኪሞች ብዙም ተስፋ ሳይሰጡት ሲቀሩ፣ ወንድሙ አያሌው መጥቶ «አገር ቤት ወስደን ጠበል እናስገባው» አለ። አብሬው ልሄድ ልብሴን ሸክፌ ሳለሁ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተራዬ ደርሷል ተባልኩ።

«አንቺ ዓይንሽን ተሠሪ» አለኝ ታደሰ። «እኔ ጠበሌን ጨርሼ ለፋሲካ እመጣለሁ። ያን ጊዜ በደንብ ታይኛለሽ። ለካ እንዲህ አስቀያሚ ነህ እንዳትይ ብቻ።»

ያገባሁት መልኩን አይቼ እንዳልሆነ ነገርኩት። ሳቀና ሄደ።

ሐኪሙ ሦስት ነገር ከለከለኝ፤ መጎንበስ፣ አቧራና ማልቀስ። ቀኝ ዓይኔ በመጋቢት ሥላሴ ዕለት ተሠራ፤ ግራው ግንቦት ውስጥ። በዚህ ሁሉ መሃል አያሌው እየደወለ «ሰላም ብሎሻል» ይለኛል። አገናኘኝ ስለው ተኝቷል፣ ጠበል ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም ይላል። ፋሲካ ሲደርስ «አባ ሌላ ሱባኤ ጨምር ብለውታል» አለኝ። ብርድ አይችልም ብዬ አዲስ ጋቢ አሠራሁለት። ከሌላ ሰው ጋቢ እንዳይቀላቀልበት ጫፉ ላይ በሰማያዊ ክር መስቀል ጠልፌ ላክሁለት። ለብሶታል፣ ሞቆታል ተባልኩ።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የእድሩ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። በእኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆነው የሚመጡ ሰዎች ምን ሊሉ እንደመጡ አይጠየቁም። ታደሰ ትናንት አረፈ አሉኝ። ልሂድ ስል ተቀብሯል፣ ክረምት ነው፣ ገና ዓይንሽ አልጠናም ብለው ያዙኝ። አርባውን አዲስ አበባ አወጣሁ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰኔ አሥራ ሁለት ሲመጣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሙን አስጠራለሁ። መቃብሩን ለማየት አንዴ ጉልበቴ፣ አንዴ የመንገዱ መዘጋት ያስቀረኛል። እውነቱን ለመናገር ጥሎኝ ሄዶ እዚያ በመሞቱ ተቀይሜውም ነበር።

የተቀየምኩት ግን እሱን ብቻ አልነበረም። አስካለ የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት አንድ የጭቃ ግድግዳ የተጋራን ጎረቤት ነበረችኝ። በር ከመምጣት ግድግዳውን መደብደብ ይቀለን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከመታች ጨው አለሽ ወይ ማለቷ ነው፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ነይ ማለቷ ነው። ያ ዓይኔ በተሠራበት ሰሞን ግን ድምጿ ጠፋ። በልጇ እጅ ሾርባ ትልካለች፣ ራሷ ግን ደጃፌን አልረገጠችም። መርዶ ሊያረዱኝ ከመጡትም መሃል አልነበረችም። በኋላ ልቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ ጥግ ስትቀመጥ ፊቴን አዞርኩባት። ሰው ሲታመም ያልጠየቀ ሰው ሲሞት ምን ይሠራል አልኩ፤ ያውም እየሰማች። ከዚያ አምስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ሳንነጋገር ኖርን። አምና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ስትሄድ ልትሰናበተኝ መጥታ አንኳኳች። ከውስጥ ሆኜ ኮቴዋ እስኪርቅ ጠበቅሁ። አልከፈትኩም።

እንግዲህ ያን ጊዜ እንዲህ ያለሁ ሴት ነበርኩ።

ሰፈራችን ለልማት ይነሳል ተብሎ ጎረቤት አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። የአስካለ ቤት ፈርሶ፣ የጋራ ግድግዳችን ከውጭ ዝናብ ይመታው ጀመር። እኔም ለምትክ ቤት ለመመዝገብ አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ቤቶች አስተዳደር ሄድኩ።

«የቀበሌ ቤቱ ውል በአቶ ታደሰ ስም ነው» አለኝ ሠራተኛው።

«አቶ ታደሰ ሞቷል። የእድሩን ደብዳቤ ይዤአለሁ።»

ደብዳቤውን አንብቦ በፋይሌ ውስጥ አስገባው። «ይህ ይያያዛል እማማ። ዋናው ግን የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ካረፉበት ወረዳ ያመጡታል። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዓርብ ነው።»

«ዓርብ ካለፈ?»

«በሞተ ሰው ስም ምትክ ቤት አንሰጥም። እርስዎም ያለ ወረቀቱ የሱ ባለመብት አይሆኑም።»

ሜዳ ላይ ትወድቂያለሽ ማለቱ ነው። ለጨዋነቱ ብሎ እንዲያ አላለኝም።

ልጄ ግርማ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ደውዬ ስነግረው ያልጠበቅሁትን ድንጋጤ ደነገጠ። «አንቺ እንዳትሄጂ። እሁድ እገባለሁ፣ እኔ አመጣዋለሁ» አለኝ።

«ዓርብ ከእሁድ ይቀድማል።»

«እማዬ፣ ጉልበትሽ አይችልም።»

«ቤት የሚያስፈልገው ጉልበቴ ነው። አርፈህ ንዳ።»

ማክሰኞ ጠዋት ከላምበረት መናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ከዚያ በሌላ መኪና ኮረኮንች መንገድ ይዘን፣ ከሰዓት በኋላ የወረዳዋ ከተማ ደረስኩ። አያሌው መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እንደምመጣ አልነገርኩትም ነበር። ግርማ ደውሎለት ነው አለኝ።

«መጀመሪያ መቃብሩን አሳየኝ» አልኩት።

«ደክሞሻል እትዬ። ነገ ወረቀቱን እናስጨርስና ረጋ ብለን እንሄዳለን።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ያ አይደል የሚታየው?»

«እሱ ነው። ግን አሁን በሩ ዝግ ነው።»

የቤተ ክርስቲያን ግቢ በአሥር ሰዓት ሲዘጋ ሰምቼ አላውቅም። የሰው አገር ነው ብዬ ተከተልኩት።

እቤቱ ስንደርስ ደጋው መብረድ ጀምሮ ነበር። ሙሉ የምትባለው ሚስቱ እግሬን አጥባ፣ ምግብ አቅርባ፣ ስንዘፈዘፍ አይታ ከሳጥን ውስጥ ጋቢ አወጣችልኝ። ጋቢው ከሸማኔ እንደወጣ ነው፤ እጥፋቱ እንኳ አልተሰበረም። ትከሻዬ ላይ ስታደርግልኝ ጫፉ ጭኔ ላይ ወደቀ። በሰማያዊ ክር የተጠለፈ መስቀል አለበት።

«ይህ የታደሰ ጋቢ ነው» አልኩ።

ሙሉ ባሏን አየችው። እሱ እሳቱን ይቆሰቁሳል።

«ለብሶታል አላልከኝም ነበር?»

«ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር የሚለብሰው» አለ አያሌው ቀና ሳይል። «ይሳሳለት ነበር።»

አርባ ዓመት ያለፈው ትዳር ነበር። ታደሰ ለልብስ የማይሳሳ፣ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ራዲያተር የሚበይድ ሰው ነበር። ያንን እያሰብኩ በራሱ ጋቢ ተጠቅልዬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልመጣም።

ረቡዕ በሦስት ሰዓት የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደረስን። የክብር መዝገብ ሹም የምትባል ወጣት ሴት አለች፤ በወረዳው የተወለደ፣ ያገባና የሞተ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚጻፈው። አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ሰልፉን ትቶ በጎን ሊገባ ሲል «የት ነው?» አልኩት። እንግዳ መሆኔን አይቶ ገላመጠኝ። እኔም ገላመጥኩት። ወደ ኋላ ተመለሰ። ሹሟ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች።

ተራዬ ደርሶ ጉዳዬን ስነግራት መዝገቧን አገላብጣ ራሷን ነቀነቀች። «ሞቱ በጊዜው አልተመዘገበም እማማ። አሁን ለመመዝገብ የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤና ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። የእድር ደብዳቤም ካለዎት ያሳዩኝ።»

የእድሩን ደብዳቤ ቅጂ ሰጠኋት። አያሌው ቶሎ ተነሳ። «አንቺ እዚህ ቁጭ በይ እትዬ። ደብዳቤውንም ምስክሮቹንም እኔ አመጣለሁ።»

ሁለት ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አያሌው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ፤ ሦስተኛው ምስክር እሱ ራሱ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ደብዳቤውን ለሹሟ ሰጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይነግራት ጀመር።

«ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» አልኩ ተነስቼ። «ሟቹ የኔ ነው።»

ልጅቷ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። «እማማ፣ ባለቤትዎ መቼ ነው ያረፉት?»

«ሰኔ አሥራ ሁለት። በሚካኤል።»

«የእድሩ ደብዳቤ እንደዚያ ይላል። የቤተ ክርስቲያኑ ግን መጋቢት ስምንት ተቀበሩ ነው የሚለው። ዓመቱ ያው ነው።»

«እንግዲያው የጻፈው ሰው ተሳስቷል» አልኳት። «ይታረም።»

«ከመዝገብ ገልብጠው ነው የጻፉት እኮ።»

«መዝገቡም ተሳስቷል። ልጄ፣ ሰው የሞተበትን ቀን ከሚስቱ በላይ ማን ያውቃል? ስድስት ዓመት ሙት ዓመት ያወጣሁበት ቀን ነው። ከመጋቢት ወዲህ ሰላም ሲለኝ የነበረው ማነው? ለፋሲካ ጋቢ የላክሁት ለማን ነው? ለብሶታል ተብዬ…»

ያ ያልተሰበረ እጥፋት ዓይኔ ላይ መጣ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ አያሌው ዞርኩ። እያለቀሰ ነበር። የስልሳ ዓመት ሰው ነው፤ ወንድሙን ከቀበረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ የሞተበት ይመስል ያለቅሳል።

«ውሰደኝ» አልኩት።

በሩ ክፍት ነበር። ገበዙ፣ አንድ ቀጭን ቄስ፣ መዝገቡን ይዘው ወጡና በጣታቸው መስመሩን አሳዩኝ። በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። በመጋቢት ሥላሴ ማታ አርፎ በማግስቱ በስድስት ሰዓት ተቀበረ። ሳላነብ አልፈርም ብያችኋለሁ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ መቃብሩ ወሰዱኝ። ዙሪያውን ድንጋይ የተደረደረበት፣ ሳር የበቀለበት፣ በሌሎች ብዙ መቃብሮች መሃል ያለ ቦታ ነው። አያሌው ባያሳየኝ አልፌው እሄድ ነበር። ስንት ጊዜ በሐሳቤ የመጣሁበት ቦታ እንዲህ አልነበረም።

«ማን አዘዘ?» አልኩ መቃብሩ ላይ ቆሜ።

«ማንም አላዘዘም እትዬ። ሌሊቱን ለግርማ ደወልኩለት። እሱ ሆስፒታል አንቺ ዘንድ ነበር። ሐኪሙን ጠየቀው። እንባ ከነካው ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል ተባለ። ሳምንት ይቆይ አልን። ከዚያ ሁለተኛው ዓይን ይሠራ ተባለ። ከዚያማ ምን ብለን እንጀምረው?»

«ሰላም ብሎሻል የምትለኝስ?»

«ስትደውይ ምን ልበልሽ?»

እኔ ያላሰብኩበት ነገር ደግሞ ቀስ ብሎ መጣብኝ። መጋቢት ስምንት። ያ ቀን የዓይኔ መሸፈኛ የተነሳበት ጠዋት ነው። ነርሷ ጨርቁን ስታነሳልኝ የመስኮቱን ፍርግርግ አየሁ፣ የልጄን ጢም አየሁ፣ እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁ። ከደስታዬ ብዛት ሳቅሁ። ለግርማ «ለአባትህ ደውልለት። አሁን ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ ላየው ነው በለው» አልኩት። ኮሪደር ወጥቶ ቆይቶ ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔም በአዲሱ ዓይኔ ያንን አየሁ፤ ልጄ ለእኔ ደስ ብሎት ነው አልኩ። «ምን አለህ?» ስለው «ሰላም ብሎሻል፤ በጣም ሳቀ» አለኝ።

በስድስት ሰዓት እሱን አፈር ሲያለብሱት እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ የሰው ፊት እየቆጠርኩ እስቅ ነበር።

ከመጋቢት ስምንት እስከ ሰኔ አሥራ ሦስት ዘጠና አምስት ቀን ነው። ዘጠና አምስት ቀን ሙሉ ከሞተ ሰው ጋር ተጣልቻለሁ፣ ታርቄአለሁ፣ ለምን አይደውልም ብዬ አኩርፌአለሁ። እዚያ መቃብር ላይ አላለቀስኩም። ዓይኔ ድኗል፣ ማልቀስ ይፈቀድልኝ ነበር። እንባው ግን አልመጣም።

ወረዳው ሳይዘጋ ተመለስን። ሹሟ ጠብቃን ነበር። አያሌው ቀድሞኝ ተናገረ። «ገበዙን ለምኛቸዋለሁ። ለእሷ ሲሉ ሰኔ ብለው ደብዳቤውን ሊያስተካክሉት ፈቅደዋል። እኛም እንደዚያው እንመሰክራለን። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ካለው ፋይሏ ጋር ይገጥማል።»

ልጅቷ አየችኝ። «በሕጉ እኔ የምጽፈው የቀረበልኝን ነው እማማ። ግን መጋቢት ብዬ ከጻፍኩ አዲስ አበባ ሲደርሱ ቀኑ አይገጥምም ብለው ሊመልሱዎት ይችላሉ። ዓርብ ነው አላሉኝም?»

ቤቴን አሰብኩ። ከውጭ ዝናብ የሚመታውን ግድግዳዬን አሰብኩ።

«አያሌው» አልኩት። «ስድስት ዓመት ዋሻችሁኝ፤ በጎ አስባችሁ ነው እንበል። አሁን ደግሞ እኔው ራሴ ፈርሜ እሱ ላይ ልዋሽ? በዚያን ቀን ሚስቱ እንኳ ያልቆመችለት ሰው ነው። ቢያንስ የሞተበትን ቀን አልነጥቀውም። ልጄ፣ መጋቢት ሰባት ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ማኅተሙን መታች። ያንን የማኅተም ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ።

ሐሙስ ማታ ቤቴ ገባሁ። ዓርብ ጠዋት ቤቶች አስተዳደር በር ሲከፈት እኔ አንደኛ ነበርኩ። ሠራተኛው ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይቶ እንደፈራሁት አለ።

«አይገጥምም እማማ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም።»

«እኔን አትንገረኝ። ሁለቴም መርዶ የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ምክንያቱን ስነግረው ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እድሩ የማስተካከያ ደብዳቤ ይጻፍ። ካልሆነ በዚያን ጊዜ እውነቱን ያውቅ የነበረ አንድ የእድሩ አባል መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ ይፈርም። እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እዚህ ነኝ።»

ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። ግርማ እንደነገረው ወዲያው ገባኝ።

«እትዬ ወርቄ፣ እግዜር ያውቃል ለዓይንዎ ብለን ነው።»

«አውቃለሁ። አሁን ለቤቴ ብላችሁ እውነቱን ጻፉ።»

«እድሩ ሐሰት ጽፎ ነበር ብለን ማኅተም እናድርግ? ስብሰባ መጥራት አለብኝ። ዛሬ አይደርስም።»

«አንድ ሰው ይፈርም እንግዲያው። አንተ ፈርም።»

ዳኛው መሬት መሬት አየ። «መርዶውን ‹ትናንት አረፈ› ብዬ የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ደብዳቤውንም የፈረምኩት እኔው። ዛሬ ተነስቼ ያን ጊዜ አውቅ ነበር ብል ዋሽቻለሁ ብዬ መፈረሜ ነው። ያን ቀን አብረውን የነበሩትም እንደኔ ናቸው።» ቀና አለና «አንድ ሰው ግን አለች» አለ። «አስካለ።»

«ጎረቤቴ አስካለ?» አልኩት።

«ገና መጋቢት ላይ ተሰብስበን ስንመክር ‹ይነገራት፤ ዓይኗም ቢጠፋ የሷ ነው፣ ባሏም የሷ ነው› ያለች እሷ ብቻ ናት። አልሰማናትም። ‹እንግዲያው አልነግርባችሁም፤ ግን ፊቷ ቆሜ አልዋሽም› ብላ ወጣች። መርዶውንም ስናረዳ እንዲያ ብላ ነው የቀረችው።»

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ሾርባውን በልጇ እጅ የምትልከው ለዚህ ነበር። ደጃፌን ያልረገጠችውም ለዚህ ነበር። ከሰፈሩ ሁሉ ያልዋሸችኝ አንዷ ሰው እሷ ነበረች፤ ከሰፈሩ ሁሉ ያባረርኩትም እሷን ብቻ ነው። ፍርድ አውቃለሁ የምለው እኔ።

ዳኛው የስልኳ ቁጥር ነበረው። ደውሎ ሰጠኝ።

«ማነው?» አለች።

«ወርቄ ነኝ።»

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ። ሰነድ ላይ የሚፈርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ልደታ፣ ቤቶች አስተዳደር፤ እስከ አሥራ አንድ ተኩል። እምቢ ብትይ አልቀየምም።»

«ነጠላዬን ላድርግ» ብላ ዘጋችው። ዱሮም ስትቸኩል እንዲሁ ነበረች።

ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ልደታ ምን ያህል ታክሲ እንደሚያስጠብቅ የምታውቁት ታውቃላችሁ። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ አለፈ። ሠራተኛው ፋይሎቹን ይሰበስብ ጀመር። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከርኩም። ባትመጣም የሥራዬ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ከስታለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። በደንብ ካየኋት ስድስት ዓመት ነው፤ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ሳላያት ነው ያረጀችው።

በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። መታወቂያዋን አስቀመጠች። «ታደሰ በመጋቢት ሥላሴ ነው ያረፈው። በማግስቱ ነግረውኛል፤ ለእሷ ግን አልነገሯትም። ይኸው ነው። የት ልፈርም?»

ፈረመች። ሠራተኛው ወረቀቶቹን አያይዞ ስሜን በዝርዝሩ ላይ ጻፈው። ምትክ ቤቱም በኋላ ወጣልኝ፤ አንድ መኝታ ቤት ያለው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለዚህ ሁሉ ልፋት ያበቃኝ ጉዳይ ያ ስለሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ከዚያ ወጥተን በልደታ ባቡር ጣቢያ በኩል ቀስ ብለን ሄድን። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ይቅርታ በዚህ ዕድሜ አፍ ላይ ይከብዳል።

«በሬን ስታንኳኪ ውስጥ ነበርኩ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ጫማሽ በር ላይ ነበር።»

ጥቂት ሄድን።

«የዓይኔ መሸፈኛ የተነሳ ቀን ነው የቀበሩት» አልኳት። «ቤት ከገባሁም በኋላ እስኪመሽ ስስቅ ነበር የዋልኩት።»

አስካለ ቆመች። «አውቃለሁ» አለች። «በግድግዳው ስትስቂ እሰማ ነበር። ባሌ ድምፄ እንዳይሰማሽ ብሎ ሬዲዮ ከፈተልኝ። ትራስ ነክሼ ነው የዋልኩት።»

እንባው የመጣው ያን ጊዜ ነው። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየን፣ የስድስት ዓመቱን አለቀስነው። ለታደሰ በትክክል ያለቀስኩት ያን ቀን ይመስለኛል፤ ለእሱ በመጀመሪያው ቀን ካለቀሰችለት ሰው ጋር።

እናንተ የምታነቡት፣ መርዶ መደበቅ በአገራችን ያለ ነው፤ ለታመመ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው ይደረጋል። ክፋት ነው አልልም። ልጄንም አልተጣላሁትም፤ እሁድ ሲገባ ምንም ሳልለው እራቱን አቀረብኩለት፣ እሱም ምንም ሳይል በላ። አሁንም በዚያ ዙሪያ ብዙ አናወራም። የምላችሁ ግን የደበቃችሁት ሐዘን የባለቤቱ ነው፤ ዕለት ስትጨምሩ ከሰውየው ላይ ነው የምትቆርሱት። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፤ አንድ የምትወዱት ሰው በክፉ ቀናችሁ ከጠፋባችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት በሩን አንኳኩና ለምን ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ለዳቦ ሰልፍ የምከራከረውን ያህል ለአስካለ አልተከራከርኩም። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ አምስት ዓመት አላጣም ነበር፤ እሷ ለጠየቅኋት ነገር ዋሽታ አታውቅም።

አሁን ሙት ዓመቱን የማወጣው በመጋቢት ነው። ሰኔ ሚካኤልም ሲመጣ ሳላስበው ጥቁሬን እፈልጋለሁ፤ ስድስት ዓመት ያለቀስኩበት ቀን ዝም ብሎ አይሄድም።

አዲሱ ቤት ንጹሕ ነው፤ ውኃም አለው። ከጎረቤቶቼ ጋር ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደምን ዋላችሁ እንባባላለን፤ ስማቸውን ገና አላወቅሁም። ግድግዳው ሲሚንቶ ነው፣ ወፍራም ነው። አንድ ቀን እስኪ ብዬ ሦስት ጊዜ መታሁት። ምንም አልተሰማም። ለዚህ ነው በየማታው ወደ ጀሞ የምደውለው።